የግራ እጅ መሮ

ጽጌሬዳ በየዓመቱ የመጀመሪያውን ትምህርት የምትከፍተው በተቆረጠ እጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ታስተምራለች፤ አዲስ ተማሪ ደግሞ በዓመተ ምሕረት አይያዝም፣ ደም ይፈልጋል። ስለዚህ የታጅ ማሃልን ፎቶ ግድግዳው ላይ ታበራና፣ ንጉሡ ሌላ እንዳይሠሩ ብሎ የሠሪዎቹን እጅ አስቆረጠ እየተባለ እንደሚወራ ትነግራቸዋለች። ቀጥላ ሞስኮ ያለውን ባለ ቀለም ጉልላት ቤተ ክርስቲያን ታሳያቸዋለች፤ የዚያኛው ሠሪዎች ደግሞ ዓይናቸው ጠፋ ይባላል። ክፍሉ ጸጥ ሲል «ሁለቱም ተረት ነው» ትላለች። «ማስረጃ የለውም። ሰው ውብ ቤት ባየ ቁጥር ያንኑ ተረት ይደግመዋል።» ተማሪው ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች።

የራሷን ቤት ተረት ግን ክፍል ውስጥ አውርታው አታውቅም።

ቤቱ ሶዶ መሐል ከተማ፣ ዳሞታ ተራራ ፊት ለፊት ወለል ብሎ የሚታይበት ቦታ ላይ የቆመ የእንጨት ፎቅ ነው። ያሠሩት ከሰሜን ተሹመው የመጡት ቅድመ አያቷ ፊታውራሪ ቢያድግልኝ ናቸው። ወደ መንገዱ ብቅ ያለ ሰፊ ሰገነት አለው፤ መደገፊያው ስልሳ አራት የተቀረጹ የዝግባ እንጨቶች ናቸው። አንድም ምስማር የለበትም፣ ሁሉም በእንጨት ችንካር የተያያዘ ነው።

በዓል ሲሆን ዘመድ ሰገነቱ ላይ ተሰብስቦ አንድ ታሪክ ሳያነሣ አይበተንም። ፊታውራሪ ቤቱ ያለቀ ቀን አናጢውን ጠርተው ሸለሙት፤ ከዚያ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ቤት በሌላ ሰው ግቢ እንዳይቆም ብለው የቀኝ አውራ ጣቱን አስቆረጡት። ወንድሟ መክብብ ይህን ሲያወራ አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ ደብቆ አራቱን ያሳያል። ሁሉም ይስቃል። ጽጌሬዳም ከልጅነቷ ጀምሮ ስትስቅ ነው የኖረችው፤ ምን ታድርግ፣ ተረት ነው።

በበልጉ ዝናብ የሰገነቱ አንድ ጥግ ሲዘም አናጢ ፍለጋ ወጣች። አምስት አናጢ መጥቶ አየው፤ አምስቱም አፍርሰን በብረትና በሲሚንቶ እንተካው አሉ። ስድስተኛው ዘሩባቤል ነበር። አያቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የቀሩ አናጢ ነበሩ፤ እሱም ወደ ኦቶና ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጋሽ ጩማ ከሚባሉ የወላይታ ሽማግሌ ጋር የእንጨት ሥራ ቤት አለው።

የመጣ ቀን ስለ ዋጋ አልተናገረም፣ ሜትርም አላወጣም። ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ አንኳኳና ጆሮውን ለጠፈባቸው። ከዚያ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ተንበረከከና የመደገፊያውን እንጨቶች ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣቱ ይዳስስ ጀመር። ጽጌሬዳ አጠገቡ ቆማ ስለ ቤቱ ዕድሜ ልታስረዳው ነበር። አልቻለችም። ዓይኗ ከዚያ አውራ ጣት ላይ አልነቀል አላት።

«ይህን የሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው» አላት ቀና ሳይል።

«አንድ ነው የሚባለው።»

«ይዩት እስቲ። ከዚህ እስከ ሠላሳ ስምንተኛው ድረስ የመሮው ምት ወደ ቀኝ ያዘነብላል። እጁ አይጠራጠርም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ወደ ግራ ነው። ግራኝ ነው፣ ደግሞ ጀማሪ ነው። እዚህ ጋ አምልጦታል። እዚህ ጋ ደግሞ።»

ጽጌሬዳ እዚያ ሰገነት ላይ ዳዴ ብላለች፣ ለመመረቂያ ጽሑፏም ለክታዋለች፤ ይህን ግን አይታው አታውቅም። አፈረች፤ ማፈሯ ደግሞ ደስ አላት። ማስታወሻዋን አውጥታ «ረዳት አናጢ፣ ግራኝ፣ ስሙ ያልታወቀ» ብላ ጻፈች።

ሁለት ወር አብረው ሠሩ። ከማስተማር ስትመለስ ቱታ ለብሳ ችንካር ታቀብለዋለች። አንድ ቀን የተደገፈ ወራጅ ሲንሸራተት «እጅሽን አንሺ» ብሎ ጮኾ ወደ ራሱ ጎተታት፤ እንጨቱ እጇ የነበረበትን ጣውላ ሰንጥቆት አለፈ። ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ደረት ለደረት እንደተጣበቁ ቀሩ። ከዚያ በኋላ አንቱታው አልተመለሰም።

ሌላ ቀን የፈረሰ ቤት ዝግባ አለ ተብሎ ሻንቶ ሄዱ። ሲመለሱ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ትከሻዋ ትከሻው ላይ ተደገፈ።  ሶዶ መግቢያ ላይ ሲደርሱ ቀስ ብሎ፣

«ቤቱን ብቻ እያየሁ የምመላለስ መስሎሽ ነበር?» አላት።

«ችንካሩንም ታያለህ» አለችው።

ሳቀ። መዳፉን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው፤ እሷም እጇን አኖረችበት። አውራ ጣቱ የእጇን ጀርባ እንደዚያ እንደ እንጨቱ ዳሰሰው።

መክብብ ነገሩን ሲሰማ ቤቱን በጩኸት ናጠው። መክብብ ክፉ ነው ማለት ይከብዳል፤ አባታቸው ሲሞት ሱቁን ይዞ እናቱንና እህቱን ያቆመ እሱ ነው። ግን እጁ ከአፉ ይቀድማል። አጥሩን በመኪና የገጨበትን ሰው መንጋጋ ሰብሮ ነገሩ በሽማግሌ የተዘጋለት ያለፈው ዓመት ነበር። የፊታውራሪ ቢያድግልኝ ዘር ለአናጢ አይሰጥም አለ። እናታቸው ወይዘሮ ዓመለወርቅ እንደ ልማዳቸው ሁለቱንም በየተራ ለመኗቸው።

በዚህ መሐል መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ። የጎረቤቶቻቸው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ትልልቅ ኤክስ ተደረገ። ቀይ ቀለም ያረፈበት ቤት አለቀለት ማለት እንደሆነ ሶዶ ውስጥ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ለነጽጌሬዳም ሰገነቱ መስመሩ ውስጥ እንደገባ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ፤ አንድ ወር ተሰጣቸው። መክብብ ደብዳቤውን ቀደደና ሰፈሩ እየሰማ፣ ይህን ቤት የሚነካ ሰው እጁን እቆርጠዋለሁ አለ። ሰው ሲናደድ እንዲህ ይላል። ማንም ልብ አላለውም።

መላ ያመጣው ዘሩባቤል ነው። በችንካር የተሠራ ቤት ይፈታል አለ። እያንዳንዱ እንጨት ቁጥር ይጻፍበታል፣ ችንካሩ ይነቀላል፣ ቤቱ ወደ ግቢው ውስጥ አሥር ሜትር ገብቶ እንደነበረ ይቆማል። ጽጌሬዳ በደስታ አለቀሰች። ዘሩባቤል ግን ለመክብብ ራሴ ሄጄ ልንገረው አለ።

«ቆይ» አለችው። «እኔ ነኝ የማውቀው። እሑድ ከአዲስ አበባ ሲመለስ አረጋግቼ እነግረዋለሁ። አንተ ግን ቁጥሩን ጀምር።»

ያቺን «ቆይ» ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳኘከቻት እሷ ናት የምታውቀው።

እንጨቱ በዘመን ብዛት ጠቁሮ ከሰል አልታይ አለበት። ሥራ ቤቱ ውስጥ የተረፈ ቀለም ቀይ ብቻ ነበር። ጋሽ ጩማ አልወደዱትም። «ቀዩን ተው ልጄ፣ ሰው ቀይ ሲያይ ሌላ ነው የሚያስበው» አሉት። ዘሩባቤል የምጽፈው ለእንጨቱ ነው እንጂ ለሰው አይደለም ብሎ ሳቀ።

ዓርብ ጠዋት ኤክስካቫተር መጥቶ የጎረቤትን ቤት አፈረሰ። ባለቤቱ በሩ ላይ ተኝቶ አልነሣም ሲል በእጅ በእግሩ ተጎተተ፣ ድንጋይ ተወረወረ፣ የአንዲት ሴት ግንባር ተፈነከተ። አንድ ሰው ለመክብብ ደወለለት። መክብብ መንገድ ላይ ነበር፤ እሑድ ይመጣል የተባለው ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከባጃጅ ወረደ።

መጀመሪያ ያየው ቀዩን ነው። ምሰሶው፣ ወራጁ፣ በሩ፣ የቅድመ አያቱ ሰገነት፣ ሁሉም ቀይ በቀይ። ቀጥሎ ያየው ብሩሽ የያዘውን ሰው ነው። ዘሩባቤል ብሩሹን በግራ እጁ ይዞ፣ ቀኙን ምሰሶው ላይ ዘርግቶ፣ አጎንብሶ ከታች ያለውን ወራጅ ይቆጥር ነበር። የጋሽ ጩማ መጥረቢያ ደረጃው ሥር ተደግፏል።

ጽጌሬዳ ማስታወሻዋን ይዛ ከፎቅ እየወረደች ደረጃው መሐል ላይ ደርሳለች። ወንድሟ መጥረቢያውን ሲያነሣ አየችው። «መክብብ ተው፣ እኔ ነኝ» አለች፤ «ያዘዝኩት» ሳትል መጥረቢያው ወረደ። ድምፁ እንጨት ሲፈለጥ እንደሚሰማው ያለ ነበር። ሁለተኛው ምት ምሰሶውን ብቻ አገኘ፣ እጁ ተነሥቶ ነበርና። ዘሩባቤል አልጮኸም። እጁን ወደ ፊቱ አቅርቦ አየውና ቁጭ አለ። ደሙ በቀለሙ ላይ ሲፈስ የቱ ቀለም፣ የቱ ደም እንደሆነ አይለይም ነበር።

ጓሮ ችንካር ሲጠርቡ የነበሩት ጋሽ ጩማ ሮጠው ሲደርሱ መጥረቢያው መሬት ላይ ነበር። እጁን በሸሚዛቸው አሰሩት። ጽጌሬዳ አውራ ጣቱን ከጣውላው ላይ አንሥታ በሻሿ ጠቀለለችው። ባጃጁ ወደ ኦቶና ሲከንፍ ጣቱ ጭኗ ላይ ነበር፤ ገና ይሞቃል። ሐኪሙ አየውና አጥንቱ ደቅቋል፣ አይገጠምም አላት። ሻሹን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ቤት ስትመለስ እናቷ ምሰሶውን በውኃና በሳሙና አጥበው ጨርሰዋል። መክብብ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። በጎኑ አልፋ ወደ ፎቅ ወጣች።

የፖሊስ መርማሪ መጥቶ ዘሩባቤልን አልጋው ላይ ጠየቀው። «መጥረቢያው አምልጦኝ ነው» አለ ዘሩባቤል።

ያን ማንም አላመነም። አናጢ መጥረቢያ አመለጠኝ ሲል ማን ይሰማዋል። የሰፈሩ የእንጨት ሠራተኞች የመክብብን ሱቅ መስታወት አረገፉት፤ የመክብብ ጓደኞች በማግስቱ ሥራ ቤቱን በድንጋይ ደበደቡት። አንዱ ድንጋይ የጋሽ ጩማን ጭንቅላት ፈነከተው። ሳምንቱን ሙሉ በዚያ መንገድ ሰው እየተገላመጠ ነበር የሚያልፈው።

ጽጌሬዳ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ለምን እንደዋሸ ጠየቀችው።

«ወንድምሽን አሳስሬ እናትሽ ፊት በየት ዓይኔ እቆማለሁ?» አላት። «ጣቱስ ሄዷል። አንቺ ደግሞ እንዳትሄጂብኝ።»

ቤቷ ስትገባም ተመሳሳይ ነገር ጠበቃት። የእናቷ ወንድም አቶ ወልደመስቀል ሽማግሌ ሰብስበው ነገሩን ሊጨርሱት ነው። አናጢው ራሱ አምልጦኝ ነው ካለ፣ የቀረው ብቸኛዋ የዓይን ምስክር እንደዚያው ብላ መፈረሟ ብቻ ነው። ከፈረመች መክብብ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ጋብቻውንም ይፈቅዳል። የምትወደውን ሰውና ወንድሟን በአንድ ፊርማ ታገኛለች። ወይዘሮ ዓመለወርቅ እግሯ ላይ ወደቁ። «እሱ ጣት ነው ያጣው፣ እኔ ልጅ ላጣ ነው» አሏት። ጽጌሬዳ እናቷን አነሣቻቸውና እፈርማለሁ አለች። እውነቱን ለመናገር ልትፈርም ነበር፤ ደክሟት ነበር፣ ዘሩባቤልንም ትወደዋለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ይህንኑ ልትነግረው ሥራ ቤቱ ሄደች። በሩ ክፍት ነው። ዘሩባቤል ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጧል፤ የታሰረ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ነው። ጋሽ ጩማ መሬት ቁጭ ብለው እንጨቱን ይዘውለታል። እሱ በጉልበቱ መካከል አጥብቆ፣ መሮውን በግራ እጁ ይዞ እየገፋ ይቀርጻል። ሦስት ጊዜ ይገፋል፣ አንዴ ያመልጠዋል። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ጽጌሬዳ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም፤ ልቧ ተሰበረ።

ዞሮ አያትና እንጨቱን ሊደብቀው ፈለገ። ተቀበለችው። ምቱ ወደ ግራ ያዘነብላል። እዚህ ጋ አምልጦታል። እዚህ ጋ ደግሞ።

ይህን እንጨት ታውቀዋለች። ሀያ ስድስት እንዲህ ያሉ እንጨቶች ሰገነታቸው ላይ አሉ።

«ረዳት አልነበረም» አለች።

«ማን?»

«ግራኙ። ጀማሪም አልነበረም። ያው አንዱ ሰው ነው። ጣቱን ቤቱ ሲያልቅ አይደለም የቆረጡት፣ ሠላሳ ስምንተኛው ላይ እያለ ነው። የቀረውን በግራ እጁ አስጨረሱት።»

ዘሩባቤል በእጇ የያዘችውን እንጨት ጠጋ ብሎ አየው። ለምን እንደቆረጡት ማንም አያውቅም፤ ምናልባት ዘግይቶ ነው፣ ምናልባት አገሬ ልግባ ብሎ ነው። ሁለተኛ እንዳይሠራ ነው የሚባለው በኋላ የተለጠፈ ነው። «ቤቱ ሲሠራ ያየው አያቴ ስለዚህ ነገር ሲጠየቅ ዝም ነበር የሚለው» አሉ ጋሽ ጩማ።

«ስሙን እንኳ አናውቅም» አለ ዘሩባቤል።

«ያንተንም አያውቁትም። ልጆቻችን ሰገነቱ ላይ ተቀምጠው አንድ አናጢ መጥረቢያ አመለጠው እያሉ ይስቃሉ። እኔ አስተምሬያቸው።»

«ከተናገርሽ እናትሽ ይቅር አይሉሽም።»

«አውቃለሁ» አለች። «አንተስ?»

 ግራ እጁን ዘርግቶ እንባዋን ጠረገላት፤ መዳፉ ላይ የእንጨት ብናኝ ስለነበረ ፊቷ ላይ ቀረ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሰገነቱ ላይ ተሰበሰቡ። አቶ ወልደመስቀል ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። መክብብ አንገቱን ደፍቶ ጥግ ላይ ቆሟል። ጽጌሬዳ እስክሪብቶውን አልነካችውም።

«ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ ነበርኩ» አለች። «ወንድሜ ከባጃጅ ወርዶ መጥረቢያውን አነሣ። ዘሩባቤል አጎንብሶ ነበር፣ አላየውም። ቤቱን ሊያድንልን ነበር፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ለወንድሜ ያልነገርኩትም እኔ ነኝ። ያ የኔ ጥፋት ነው። የቆረጠው ግን መክብብ ነው። ከሱ በፊት የቆረጡት ደግሞ ፊታውራሪ ናቸው፣ እዚሁ፣ ሥራው ሳያልቅ። እኛ በየበዓሉ ስንስቅበት ኖርን። ከእንግዲህ አልስቅም።»

መክብብ ከጥግ ተወርውሮ በጥፊ መታት። ጭንቅላቷ ከምሰሶው ጋር ተላትሞ ወደቀች፤ ቅንድቧ ተሰንጥቆ ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ሽማግሌዎቹ ብድግ አሉ። እሷ ምሰሶውን ይዛ ተነሣችና አንድ በአንድ አየቻቸው።

«አሁንስ አያችሁ?» አለች። «ወይስ አምልጦኝ ወድቄ ነው?»

 አቶ ወልደመስቀል ወረቀቱን ቀስ ብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ጽጌሬዳ ደሟን ሳትጠርግ ደረጃውን ወረደች፤ መሐል ከተማውን በእግሯ አቋርጣ ፖሊስ ጣቢያ ገባች።

ችሎት ላይ ቃሏን ስትሰጥ እናቷ ፊታቸውን አዞሩ። ዳኛው መክብብን ምን ትላለህ ሲሉት ጠበቃው ሊናገር ተነሣ። መክብብ ቀደመው። የራሱን ቀኝ እጅ አገላብጦ ሲያየው ቆይቶ «እውነቷን ነው» አለ። ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ሲወስዱት እህቱን አላያትም፤ እሷ ግን በሩ እስኪዘጋ ድረስ አየችው፣ ወንድሟ ነው፣ ትወደዋለች።

ቤቱ የተፈታው ፍርዱ ሳይሰጥ፣ ወሩ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። የመክብብን መስታወት ያረገፉት ልጆች ሳይቀሩ መጥተው ተሸከሙ። ቀያዮቹ ቁጥሮች አንድም አልተሳሳቱም፤ እንጨቱ ሁሉ ወደየቦታው ገባ። ሁለት የመጥረቢያ ምት ያለበትን ምሰሶ እንቀይረው ወይ ብለው ሲጠይቁት ዘሩባቤል ተዉት፣ ቤቱን ይሸከማል አለ። ሰገነቱ በአዲሱ ቦታው ሲቆም አንድ መደገፊያ ጎደለ፤ ስልሳ አራተኛው በስብሶ ነበር። እሱን በግራ እጁ ቀርጾ አቆመው። ከጎኑ ካሉት ሀያ አምስቱ ማንም አይለየውም።

የተጋቡት በዚያ ሰገነት ላይ ነው። ወይዘሮ ዓመለወርቅ እህታቸው ቤት ስለገቡ አልመጡም። ጽጌሬዳ በየሳምንቱ ሄዳ በሩ ላይ ትቆማለች፤ አንዳንዴ ይከፈትላታል፣ አንዳንዴ አይከፈትም።

በመስከረም አዲስ ተማሪዎች መጡ። ታጅ ማሃልን አበራችና የተለመደውን ታሪክ ነገረቻቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አንሥቶ፣

«መምህርት፣ እውነት ነው ወይስ ተረት?» አላት።

ጽጌሬዳ ቅንድቧ ላይ ያለውን ጠባሳ ነካችው። የዓመታት መልሷ አፏ ድረስ መጥቶ ቆመ።

«የታጅ ማሃሉን አላውቅም» አለች። «አላየሁም። የእኛን ግን ደረጃው ላይ ሆኜ አይቻለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ትምህርቱ ሲያልቅ ዘሩባቤል በሩ ላይ ይጠብቃት ነበር፤ ሊይዛት የዘረጋላት እንደ ወትሮው ግራውን ነው። እሷ ዞራ በሌላው ጎን መጣችና ቀኙን ያዘችው፤ ሊያሸሸው ሞከረ፣ አልለቀቀችውም። አራቱ ጣቶቹ እጇ ውስጥ እስኪላሉ ድረስ እንደተያያዙ ሄዱ።